የኦቦ ኢተፋ ምድጃ አያጨስም

የኦቦ ኢተፋን ሞት የሰማሁት አንድ ደንበኛዬ ቤት ጣራ ላይ ወጥቼ ዲሽ ሳስተካክል ነው። የደወለልኝ የሰፈራችን ባለ ሱቅ ነበር። «ያ ጭስ ማውጫ ያበላሸው ግንበኛ ሞተ አሉ፤ ሰማህ?» አለኝ። እንግዲህ ፍረዱ። አርባ ዓመት ሙሉ ድንጋይ ሲጠርቡና ሲያቆሙ የኖሩ ሰው ሲሞቱ ስማቸው እንኳ አልተጠራም፤ የተጠራው ያላበላሹት ጭስ ማውጫ ነው። ስልኩን ዘጋሁበትና እዚያው ቆርቆሮው ላይ ተቀመጥኩ። ሐዘኑ በኋላ ነው የመጣው። መጀመሪያ የመጣው ንዴት ነበር፤ እሱም እስካሁን አልበረደልኝም።

እኔ ቴሌቪዥን ግድግዳ ላይ የምሰቅል፣ ዲሽ የማቆም ሰው ነኝ። ሱቄ ነቀምቴ ባኬ ጃማ ሰፈር ነው። አባቴ በወጣትነቱ ከጎጃም መጥቶ እዚህ ቀረ፤ እኔም እዚሁ ተወልጄ አደግኩ። ኦቦ ኢተፋ ግንቡን ጨርሰው በሚወጡበት ቤት እኔ መሰላሌን ይዤ እገባለሁ፤ የተዋወቅነው እንደዚያ ነው። በእሳቸው ላይ በተፈጸመው በደል የእኔም እጅ አለበት፤ ቦታው ላይ ስደርስ አልዘለውም። በአፌ ተናግሬው ነበር፣ የሚያምነኝ አጣሁ። ለዚህ ነው የምጽፈው።

አጭርና ቀጭን ሰው ነበሩ። ክረምት ከበጋ አንድ ኮት ይለብሳሉ፤ በቀኝ ኪሱ የግድግዳ ቀጥታ የሚለኩበት ቱምቢያቸው፣ በግራ ኪሱ የተቆላ በቆሎ አይጠፋም። ሲያገኙኝ «አከም ጅርታ፣ ኢልማ ኮ»፣ እንደምን አለህ ልጄ፣ ብለው ትከሻዬን ጫን ያደርጉና ከበቆሎው ይዘግኑልኛል። አማርኛቸው ከኦሮምኛው ጋር እየተቀላቀለ ነው የሚወጣው፤ የእኔ ኦሮምኛም የገበያ ስለሆነ ተግባብተን እንኖር ነበር። ድሪሌን ግን አይወዱትም። «ይሄ መሣሪያህ ይጮሃል እንጂ አያስብም» ይሉኛል። አንድ ግድግዳ ሲጨርሱ የተገለበጠ ባልዲ ላይ ተቀምጠው ለረጅም ጊዜ ያዩታል። ባለቤቱ «አልቋል አይደል?» ብሎ ሲጠይቃቸው፣ «ግንብ አይቸኩልም፤ የሚቸኩለው ባለቤቱ ነው» ብለው ማየታቸውን ይቀጥላሉ።

ስለ ሳሎን ምድጃ መናገር አለብኝ፤ ነገሩ ሁሉ የሚነሳው ከዚያ ነው። ድሮ ነቀምቴ ውስጥ እሳት የሚነደው ጓዳ ነበር፤ እንግዳ ጭሱን ያሸታል እንጂ እሳቱን አያይም። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ግን በጨለለቂ ሰፈር በኩል የሚሠሩት ቪላዎች ሳሎናቸው ውስጥ ፈረንጅ አገር እንዳለው ዓይነት ምድጃ ማስገባት ጀመሩ። ባለቤቱ ስልኩ ላይ ያየውን ፎቶ ለግንበኛው ያሳይና «ይሄን ሥራልኝ» ይለዋል። አብዛኛው የውሸት ነው። አፍ አለው፣ ጭስ ማውጫ የለውም። ውስጡ ቀይ አምፖል ይበራበታል፣ ወይም የፕላስቲክ አበባ ይቀመጥበታል። ኦቦ ኢተፋ የውሸቱን አይሠሩም ነበር። «ጉሮሮ የሌለው አፍ ሬሳ ነው፤ እኔ ሬሳ አልገነባም» ይላሉ። በዚህ ምክንያት ያመለጣቸው ሥራ ብዙ ነው፤ ሲቆጩ ግን አይቼ አላውቅም።

እውነተኛውን ምድጃ ሠርተው ሲጨርሱ አንድ የማይተዉት ወግ ነበራቸው። የመጀመሪያውን እሳት ራሳቸው ናቸው የሚያነዱት። ደረቅ እንጨት ያቀጣጥሉና ጭሱ ሽቅብ መሄዱን ውጭ ወጥተው ያያሉ። ከዚያ ተመልሰው ከምድጃው አፍ በላይ ያለው ግድግዳ ላይ መዳፋቸውን ያሳርፋሉ። ሙቀቱ አላስቀምጥ ካላቸው ትንሽ ከፍ ያደርጉታል፤ እንደገናም ከፍ ያደርጉታል። መዳፋቸው ሳይቃጠል የሚያርፍበት ቦታ ሲደርሱ በከሰል አግድም መስመር ይስባሉ። «ከዚህ በታች የእሳት ነው፤ ከዚህ በላይ የሰው ነው» ይሉታል ባለቤቱን። «ሥዕልም ስቀል፣ ሰዓትም ስቀል፤ ከመስመሩ በላይ ይሁን።» ቀለም ቀቢው መጥቶ መስመሩን ሲያጠፋው ባለቤቱ ይረሳዋል። እሳቸው ግን የእያንዳንዱን ቤት መስመር ከነቁመቱ ያስታውሱት ነበር።

አንድ ጊዜ አንድ መምህር ቤት ያለ ምድጃ ጭሱን ወደ ሳሎን እየመለሰ አስቸገረ። የሠራው ሌላ ግንበኛ ነው፣ የልጆች አባት። መምህሩ በየሻይ ቤቱ የዚያን ግንበኛ ስም ሲያጠፉ ከረሙና በመጨረሻ አፍርሰው እንደገና እንዲሠሩላቸው ኦቦ ኢተፋን ጠሩ። ያን ቀን እኔም እዚያው ቤት ገመድ እዘረጋ ነበር። ኦቦ ኢተፋ መዶሻ አላነሱም። ተንበርክከው ክንዳቸውን እስከ ብብታቸው ድረስ ወደ ጭስ ማውጫው ሰደዱ፤ ቀጥሎ ጣራ ላይ ወጡና አንድ ትልቅ የወፍ ጎጆ ይዘው ወረዱ። ዝም ብለው አፍርሰው ቢሠሩ ማን ያውቅባቸው ነበር? እሳቸው ግን ፊታቸው ጥላሸት እንደለበሰ መምህሩን «ጫማዎን ያድርጉ፣ እንሂድ» አሏቸው።

«ወዴት?» አሉ መምህሩ።

«ወደ ሻይ ቤቱ። የሰውየውን ስም ያጠፉት እዚያ ነው፤ የሚመልሱትም እዚያ ነው።»

ወስደዋቸውም ሄዱ። መምህሩ ሰው ፊት ቆመው «ጥፋቱ የወፍ ነው፣ የግንበኛው አይደለም» ብለው ተናገሩ። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ፤ ያ ግንበኛ ግን በዚያው ሳምንት ሥራ አገኘ። ኦቦ ኢተፋ ለሰው ስም እንዲህ የሚሮጡ ሰው ነበሩ። ለእሳቸው ስም የሮጠ ግን አንድ ሰው አልተገኘም።

አሁን ወደ ዋቅጅራ ልምጣ። ፊት ለፊት «ኦቦ ዋቅጅራ» እለዋለሁ፤ እዚህ ግን ኦቦው ይቅርበት። ነጋዴ ነው። ጨለለቂ ላይ ትልቅ ቪላ ሠርቷል፤ በዚያን ጊዜ ሆቴልም ያሠራ ነበር። ለሳሎኑ ምድጃ ኦቦ ኢተፋን አስጠራ፤ እሳቸውም ከጥርብ ድንጋይ ሠሩለት። ሁለት ወር ፈጀባቸው። ድንጋይ ከድንጋይ የተገጠመበት ቦታ ጥፍር አያስገባም ነበር። የመጀመሪያውን እሳት ሲያነዱ ሰፈርተኛው ሁሉ ሊያይ መጣ። ጭሱ ቀጥ ብሎ ወጣ፤ ሳሎኑ ውስጥ ሽታው እንኳ አልነበረም። መስመሩንም ሳቡ፤ እኔ ስቆም ግንባሬ ላይ የሚደርስ ነበር።

እኔ የተጠራሁት ከሳምንት በኋላ ነው። ዋቅጅራ ከአዲስ አበባ ያስመጣው ቴሌቪዥን ለሁለት ሰው የሚከብድ ነበር። ከምድጃው በላይ እንዲሰቀልለት ፈለገ፤ ያውም ከመስመሩ በታች፣ ልክ ከምድጃው አፍ ከፍ ብሎ። «ከዚያ በላይ ከሆነ እንግዳ አንገቱን ያመዋል» አለኝ። በዚያ ላይ አንድ ፍላሽ ሰጠኝ፤ ውስጡ የሚነድ እሳት ቪዲዮ አለበት። ሐሳቡ ምድጃው ጥላሸት ሳይነካው እንዲቀመጥ፣ እሳቱ በቴሌቪዥን እንዲነድ ነበር። ልብ በሉ፤ በነቀምቴ ክረምት፣ የሚያሞቅ ምድጃ ሠርቶ የማያሞቅ እሳት የሚያይ ሰው ነው።

ኦቦ ኢተፋ የበረንዳውን ደረጃ እየጨረሱ ነበር። የመሰላሌን ድምፅ ሰምተው ገቡ።

«ይሄ ምንድን ነው?» አሉኝ።

«ቴሌቪዥን ነው፣ ኦቦ ኢተፋ።»

«መሆኑንስ አያለሁ። እዚህ ምን ይሠራል ነው የምለው።»

ዋቅጅራ ሳቀ። «አይዞዎት፣ እሳት አላነድበትም። ምድጃው ለጌጥ ነው። እሳቱ ከላይ በቲቪ ይነዳል።»

ኦቦ ኢተፋ ቴሌቪዥኑንና ምድጃውን ተራ በተራ አዩ። «ከታች እውነተኛው ቀዝቅዞ ከላይ ሥዕሉ ይነዳል? ለኪ፣ ለኪ፤ አይሆንም። ሰው ምድጃ ካለው አንድ ቀን ያነዳዋል። አንተ ብትተወው እንግዳህ አንድድ ይልሃል። ወይ ይሄን ዕቃ ከመስመሩ በላይ አድርገው፣ ወይ እኔ የምድጃውን አፍ በድንጋይ ልድፈነው።»

«ቤቱ የማን ነው?» አለ ዋቅጅራ። አሁን አልሳቀም።

«ቤቱ ያንተ ነው። እሳቱ ግን ያንተ አይደለም።»

ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። መዳፋቸውን ቴሌቪዥኑ የሚሰቀልበት ቦታ ላይ አሳርፈው፣ «ኢልማ ኮ፣ ከዚህ ድንጋይ ኋላ ጉሮሮው አለ። ግድግዳው እዚህ ጋ ስስ ነው። ረጅም ብሎን ከሰደድክ ትበሳዋለህ። እንግዲህ ነግሬሃለሁ» አሉኝና ወደ ደረጃቸው ተመለሱ።

ነግረውኛል፤ ሰምቻለሁም። ዋቅጅራ ግን ያን ሰሞን «ሆቴሉ ሲያልቅ የየክፍሉን ቴሌቪዥን የምትሰቅለው አንተ ነህ» ብሎኝ ነበር። እኔም ጆሮ ዳባ ልበስ አልኩ። ዕቃው ከባድ ስለሆነ አጭር ብሎን አይዘውም፤ ረጅሙን አወጣሁ። የላይኞቹ ሁለት ቀዳዳዎች ደህና ነበሩ። ሦስተኛውን ስበሳ ድሪሉ ድንጋዩን ሲገፋ ቆየና ድንገት ባዶ ውስጥ ገባ። ከቀዳዳው የወጣ ቀዝቃዛ አየር ጣቴን ነካኝ። ምን እንደበሳሁ አውቄያለሁ። አውርጄ ከፍ ማድረግ፣ ወይም ወጥቼ መናገር እችል ነበር። እኔ ግን ብሎኑን የሚይዘውን የፕላስቲክ ፊሸር ከተትኩ፣ ብሎኑን አጠበቅኩ፣ ዙሪያውን በጂፕሰም ደፈንኩት። አራተኛውንም እንደዚያው አደረግኩ። ቪዲዮውን ስከፍተው እሳቱ አማረ፤ ዋቅጅራም እንደ ሕፃን አጨበጨበ።

የቤቱ ምርቃት ሰኔ ውስጥ ዋለ። ዝናብ ከጠዋት ጀምሮ ይወርዳል። ሳሎኑ ጢም ብሎ ሞልቷል፤ ጸሎት ተደርጎ ምግብ ቀርቧል፤ እኔም ድምፅ ማጉያውን ልቆጣጠር ተጠርቼ ጥግ ላይ ቆሜያለሁ። ከአዲስ አበባ የመጣ አንድ አማች እጁን እያፋተገ፣ «ይሄ ምድጃ እንደሌሎቹ የውሸት ነው አይደል?» ብሎ ዋቅጅራን ጎሸም አደረገው። ይኸው ነው። ኦቦ ኢተፋ የተናገሩት ቃል በቃል ደረሰ። ዋቅጅራ «የውሸት? የእኔ ቤት?» አለና እንጨት አስመጥቶ አነደደው። ከላይ የቪዲዮው እሳት፣ ከታች የእንጨቱ እሳት እየነደዱ ሰው ሁሉ ስልኩን አውጥቶ ፎቶ ማንሳት ጀመረ። ፊሸሮቹ የት እንዳሉ የማውቀው እኔ ነኝ። አንድ ቃል ግን አልተነፈስኩም።

እሳቱ ሲጎለብት ጉሮሮው ውስጥ የገቡት ፊሸሮች ቀለጡ። መጀመሪያ ከቴሌቪዥኑ ኋላ ቀጭን ጭስ ወጣ፤ ቀጥሎ የተሰቀለበት ብረት ወደ አንድ ወገን ዘመመ፤ ከዚያ ያ ሁሉ ዕቃ ተንሸራትቶ እሳቱ ላይ ወደቀ። ፕላስቲኩ ሲቃጠል ጥቁር ጭስ ሳሎኑን ሞላው። እንግዳው ሰሐኑን እንደያዘ ዝናብ ውስጥ ወጣ፤ አማችየውም እያሳለ ወጣ። ማንም አልቆሰለም። የቆሰለው የዋቅጅራ ኩራት ብቻ ነበር፤ ለእሱም አንድ ሰው መክፈል ነበረበት።

በማግስቱ ከተማው ውስጥ የተወራው «የኢተፋ ምድጃ አጨሰ» ተብሎ ነው። መስመር መሳባቸውን፣ መከልከላቸውን፣ ዋቅጅራ አላነድም ብሎ ማንደዱን ያነሳ የለም። የወደቀ ዛፍ ምሣር ይበዛበታል፤ አምስት ዓመት በምድጃቸው ሲሞቁ የኖሩ ሰዎች ሳይቀሩ «የእኔም እኮ ትንሽ ትንሽ ያጨሳል» ማለት ጀመሩ። አንዱን «የትኛው? ባለፈው ክረምት እኔ ቤትህ ስመጣ የት ነበር ጭሱ?» ብዬ ልጠይቀው አፌ ድረስ መጣ። መልሼ ዋጥኩት፤ ጥያቄ ጥያቄን ይጠራል ብዬ ፈራሁ።

ዋቅጅራ ሽማግሌ ላከባቸው። አገሬው ጃርሱማ ይለዋል። የተጣሉ ሰዎች ሽማግሌ ፊት ይቀመጣሉ፤ አንዱ «በድያለሁ» ይላል፣ ሌላው ይቅር ይላል፣ ነገሩ እዚያው ይቀበራል። መልካም ልማድ ነው፤ ስንት ደም አድርቋል። ክፋቱ ግን ሽማግሌ አንዳንዴ የሚቸኩለው ለሰላሙ እንጂ ለእውነቱ አለመሆኑ ነው። ለሰላም ሲባል «በድያለሁ» እንዲል የሚገፋውም ሁልጊዜ ድምፁ የሚያንሰው ነው። ዋቅጅራ በድያለሁ ሲል የሰማ ሰው ካለ ይንገረኝ።

ሦስት ሽማግሌዎች እዚያው ሳሎን ውስጥ ተቀመጡ። ቴሌቪዥኑን የሰቀልኩት እኔ ስለሆንኩ እኔም ተጠራሁ። ግድግዳው ላይ ብረቱ ዘምሞ ተንጠልጥሏል፤ ብሎኑ የወለቀበት ቀዳዳ ዙሪያው ጥላሸት ለብሷል። አንጋፋው ሽማግሌ ቀዳዳውን በከዘራቸው እያመለከቱ፣ «ኢተፋ፣ ይኸው ጭሱ የወጣበት። አጥፍቻለሁ በልና ይለቅ። ወንድማማቾች ናችሁ» አሉ።

ኦቦ ኢተፋ ተነሥተው ቆሙ። «ግድግዳ ሳይበሱት አያፈስም። አንድ ነገር ብቻ ነው የምለምናችሁ። ከእናንተ አንዱ ይንበርከክ፤ እጁን በምድጃው አፍ ወደ ላይ ይክተት። ጉሮሮው ውስጥ ብሎን ካላገኘ እኔ አጥፍቻለሁ፤ ጉልበታችሁንም እስማለሁ።»

ሽማግሌዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። አንዱ ነጭ ጋቢያቸውን ሰብሰብ አደረጉ። አንጋፋው «ሽማግሌ ጭስ ማውጫ ውስጥ አይገባም» አሉና ሌሎቹ ሳቁ። የአንድ ሰው የአርባ ዓመት ስም ክንድ በሚያህል ርቀት ላይ ተቀምጦ፣ ጋቢ እንዳይቆሽሽ ተብሎ ሳይታይ ቀረ። ይህን ሳስበው ዛሬም ደሜ ይፈላል።

«እንግዲያው ይህ ልጅ ይግባ» አሉ ኦቦ ኢተፋ ወደ እኔ እያዩ። «የተናገረውን እቀበላለሁ።»

ተንበረከኩ። ክንዴን ወደ ላይ ሰደድኩ። ወዲያው ነው ያገኘሁት። የአራተኛው ብሎን ጫፍ ጉሮሮው ውስጥ ወጥቶ ጣቴን ወጋኝ፤ ከጎኑም ሦስተኛው የወለቀበት ቀዳዳ አለ። የራሴን ሥራ በእጄ ዳሰስኩት። ወጣሁና ቆምኩ። ዋቅጅራ እያየኝ ነው፣ ሽማግሌዎቹ እያዩኝ ነው፣ ኦቦ ኢተፋም እያዩኝ ነው።

«ምንም የለም» አልኩ።

ኦቦ ኢተፋ ፊቴን ለአፍታ አዩ። ከዚያ እስከ ትከሻዬ ጥላሸት የለበሰውን ክንዴን አዩና ለቤቱ ሰዎች «ውሃ አምጡለት፤ ይታጠብ» አሉ።

ሽማግሌዎቹ «በል እንግዲህ» አሏቸው። እሳቸው ባርኔጣቸውን አነሱ። «በቃሌ እቀበላለሁ ብያለሁና ከእሱ ጋር አልከራከርም። ያላጠፋሁትን አጥፍቻለሁ ማለት ግን ዋቀዮ ፊት መዋሸት ነው፤ እሱን አልችልም» አሉና እጅ ነሥተው ወጡ። ከዚያ ቀን ወዲያ የምድጃው ነገር እንኳ ሁለተኛ ሆነ። «ሽማግሌ እምቢ ያለ» የሚል ስም ወጣላቸው። በእኛ አገር ይህን ስም የተሸከመ ሰው ከማን ቤት ይገባል? ሥራ የሚጠራቸው ጠፋ። በደጉ ጊዜ ቢሆን ኪራሙ በኩል የሚያውቋቸው ብዙ ስለሆኑ እዚያ ሄደው ይሠሩ ነበር፤ በዚያን ሰሞን ግን ሰላም ስለጠፋ የኪራሙ መንገድ ሰው የሚሄድበት አልነበረም። በመጨረሻ ደጃቸው ላይ ተቀምጠው የመቃብር ድንጋይ መጥረብ ያዙ። «ሙታን ሽማግሌ አይልኩም» ይሉ ነበር አሉ፣ እየሳቁ።

እኔስ? እኔማ ዓይኔን በጨው አጥቤ መሥራቴን ቀጠልኩ። ዋቅጅራ ምድጃውን አስፈርሶ ግድግዳውን በጂፕሰም ለስልሶ ሲጨርስ፣ ከመጀመሪያው የሚበልጥ ቴሌቪዥን የሰቀልኩለት እኔ ነኝ። የሆቴሉንም ክፍሎች አንድ በአንድ ሰቀልኩ። ኦቦ ኢተፋን መንገድ ላይ ሳገኛቸው እንደ ድሮው ሰላም ይሉኛል፤ ከበቆሎውም ይሰጡኛል። እጄን ግን ቶሎ አይለቁትም።

«ደህና ነህ?»

«ደህና ነኝ፣ ኦቦ ኢተፋ።»

«ሌላስ?»

«ሌላ ምንም የለም። ሥራ በዝቶብኝ ነው።»

«ይሁን» ይሉና ይለቁኛል። በሚቀጥለው ጊዜም «ሌላስ?» ይሉኛል። በኋላ በኋላ ሳያቸው መንገድ መቀየር ጀመርኩ።

ወደ ለቅሶው የሄድኩት በሦስተኛው ቀን ነው። ባለቤታቸው አዴ ጫልቱ ውስጥ ከሴቶች ጋር ተቀምጠዋል። አጠገባቸው በርከክ አልኩና በጆሯቸው፣ «አዴ ጫልቱ፣ ያን ምድጃ የበሳሁት እኔ ነኝ» አልኳቸው።

«አውቃለሁ» አሉኝ።

«ማን ነገረዎት?»

«እሱ ነዋ። ከሽማግሌዎቹ ዘንድ የመጣ ቀን ነገረኝ። ልጁ ብሎኑን አግኝቶታል፣ ፊቱ ላይ አይቻለሁ አለኝ።»

«ታዲያ እሳቸው ለምን ለሰው አልተናገሩም?»

«እኔም ብዬው ነበር። እኔ ብናገረው ለራሴ ብዬ ነው ይሉኛል፤ ልጁ መጥቶ ይናገረዋል አለ። በር ሲንኳኳ ‹እሱ ይሆናል፣ ክፈቺለት› ይለኛል። ሦስት ክረምት ከፈትኩልህ።» አላለቀሱም፤ ድምፃቸውንም አላነሱም። «አሁን ለእኔ ምን ያደርግልኛል? እኔማ አውቀዋለሁ። ውጣና ለማያውቁት ንገር።»

ወጣሁ። ድንኳኑ ውስጥ ወንዶቹ ተቀምጠዋል። ዋቅጅራ ከፊት፣ ከእነዚያው ሽማግሌዎች ጎን ነው ያለው። «እኔ ቂም አልያዝኩበትም፤ ይቅር ብዬዋለሁ» እያለ ነበር፤ ሰዉም በአድናቆት ራሱን ይነቀንቃል። ይቅር ብሎታል። የሰውየውን ስም ገድሎ፣ እሳቸው ሲሞቱ ይቅር ባይ ሆኖ መጣ። ከመካከላቸው ቆምኩና ድምፄን ከፍ አድርጌ ሁሉንም ነገር ተናገርኩ። መስመሩን፣ ረጅሙን ብሎን፣ ባዶ ውስጥ የገባውን ድሪል፣ ክንዴን ከትቼ ያገኘሁትን፣ «ምንም የለም» ማለቴን አንድም ሳላስቀር ተናገርኩ።

አንጋፋው ሽማግሌ ከዘራቸውን ተደግፈው ተነሡና ትከሻዬን ያዙ። ዓይናቸው እንባ አቅርሯል።

«አያችሁ ይህን ልጅ?» አሉ። «ለሟች ስም ብሎ ጥፋቱን በራሱ ላይ ወሰደ። እንዲህ ያለ ሰው ነው በዘመናችን የጠፋው።»

«አባቴ፣ ለሟች ብዬ አይደለም። እውነቴን ነው፤ እኔ ነኝ የበሳሁት።»

«ተው ልጄ፣ ይገባናል» አሉኝ።

ዋቅጅራም ለሰዉ ሁሉ እንዲሰማ አድርጎ ተናገረ። «በዚያን ቀን በሁላችን ፊት ክንዱን ከትቶ አይቶ የለም እንዴ? ምንም የለም ያለው ራሱ ነው። ዛሬ ሐዘኑ ነው እንዲህ የሚያናግረው።»

ሁሉም ራሱን ነቀነቀ። የሚያሳምናቸው ነገር ፈለግኩ። ሄዳችሁ ዳስሱ እንዳልላቸው ምድጃው ፈርሷል፤ ግድግዳው ላይ ያለው እኔ የሰቀልኩት ቴሌቪዥን ነው። ምስክር እንዳልጠራ ምስክሩ እኔ ነበርኩ፤ እሱም ቃሉን ሰጥቷል። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ። ውሸት ነው፤ ሦስት ዓመት ያደረ እውነት ይዤ ቆሜ አንድ የሚያምነኝ አጣሁ።

ሽማግሌው እጃቸውን ራሴ ላይ ጭነው «ኤቢፈሚ፣ ኢልማ ኮ፤ ተባረክ» አሉኝና ከዋቅጅራ ጎን አስቀመጡኝ። ድንኳኑ በሙሉ «አሜን» አለ። እኔ ተመረቅኩ፤ ጥፋቱ የኦቦ ኢተፋ ሆኖ ቀረ።